በዓሣው ሆድ የቀሩ

“ኧረ በቃሽ ልጄ፣ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው እኮ!” አሉ አክስቷ፣ ፋርማሲስቷን ሌላ መሐረብ እያስያዙ። የመጀመሪያው ርሶ የሚጨመቅ ሆኗል። “እናት የማትሞትባት ማን አለች? እኔስ እህቴን አይደለም እንዴ የቀበርኩት? ይኸው እየበላሁ እየጠጣሁ ነው።”

እውነታቸውን ነው፤ አክስት ምግቡ ላይ ደህና አድርገው ነበር የበረቱት። ሰዉ ግን የልጅቷን ለቅሶ ወዶታል። ለቀስተኛ መቼም ቡናውን እየጠጣ የሌላውን እንባ መመዘኑ አይቀርም። በሩ አጠገብ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ያሉት ሴቶች ስኒያቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ።

“ታድለው! እንዲህ የምታለቅስ ልጅ ወልዶ መሞት!”

“የኔዎቹማ ስልካቸውን እየነካኩ ነው የሚቀብሩኝ።”

ቢያውቁ ኖሮ አፋቸውን በያዙ። ፋርማሲስቷ የምታለቅሰው እናቷ ስለሞቱ ብቻ አልነበረም። እናቴ ተቀይማኝ ሞተች ብላ ነው። ከዚያም ሲብስ፣ እኔ ያበሸቅኋት ብሽቀት ነው ልቧን ያቆመው ብላ ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች፤ ሆዷ ግን አልቻለውም። በተለይ ዛሬ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እናቷ “የቀረውን ቅዳሜ እነግርሻለሁ” ያሏት ቅዳሜ።

ለቀስተኛው የተቀመጠበት ክፍል የሟች የልብስ ስፌት ቤት ነው። የስፌት መኪናው ተገፍቶ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ተሰፍተው ያልተወሰዱ ሁለት ሱሪዎች አሁንም ማንጠልጠያ ላይ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ሊያለቅሱ መጥተው ሱሪያቸውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ እንጂ ለመጠየቅ አልደፈሩም።

ሟችን የሰፈሩ ልጆች “እማማ መርፌ” ነበር የሚሏቸው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ መኪናውን ልክ እንዲሁ ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ ልጆቹን በጨርቅ ጥቅል ላይ ደርድረው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያስተምሯቸዋል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ይወጥራሉ። ከስፌት የተረፈውን ቁርጥራጭ በሰውና በእንስሳ ቅርፅ ቆርጠው በስፒል እየሰኩበት ነው የሚተርኩት። የንጉሡ ካባ ከመጋረጃ ትራፊ ነው። በጎቹ ከአሮጌ ሹራብ ናቸው። ጎልያድ የተቆረጠው ከጠበቃው ሱሪ ነው፤ ጠበቃው ሱሪው እንዳጠረበት እስከ ዛሬ ያማርራል።

ታዲያ እማማ መርፌ አንድ ጠባይ ነበራቸው። አንድን ታሪክ በአንድ ቅዳሜ አይጨርሱም። አንደኛው ቅዳሜ የጥፋቱና ጥፋቱ የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ ይቅርታው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል። ልጆቹ ቢለምኑ፣ በእግራቸው መሬት ቢደበድቡ፣ ወይ ፍንክች! የጠፋው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከአሳማዎቹ ጋር ያድራል። ጴጥሮስ ዶሮ ከጮኸበት ጀምሮ ሲያለቅስ ይሰነብታል። አንዳንድ እናቶች “ልጄን እንቅልፍ ነሷት እኮ” ብለው ሊወቅሷቸው ይመጣሉ። “እሰይ! ያልራበው ሰው ፊት ምግብ አይቀርብም፤ ይቅርታም እንደዚያው ነው” ብለው ይመልሷቸዋል።

ቤት ውስጥም ያው ናቸው። ፋርማሲስቷ ገና ጥርሷን የምትቀይር ልጅ ሳለች የአንዲት ደንበኛ ሰማያዊ ሐር ላይ መቀስ አሳርፋ ነበር፤ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ብላ። እናቷ አልመቷትም፣ አልጮኹባትም። ጉልበታቸውን አጥፈው ዓይን ዓይኗን እያዩ፣

“አጥፍተሻል” አሏት። “ጨርቁ የሰው ነው። ሴትዮዋ ታዝናለች፣ እኔም አፍራለሁ። የቀረውን ነገ እነግርሻለሁ።”

በቃ፣ ይኸው ነው። ምናለ በመታችኝ ያሰኛል። እራቷን ሳትቀምስ ተኛች። ከግድግዳው ባሻገር የመቀስ ድምፅ ይሰማት ነበር፤ እኔ ያበላሸሁትን እያስተካከለች ነው ብላ ብርድ ልብሷን እስከ አናቷ ሳበች። ሲነጋ እናቷ ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ከቤቱ ቁርጥራጭ የወጣች የአሻንጉሊት ቀሚስ፣ ተቆርጣ አልቃ ስፌት ብቻ ነበር የቀራት። “ከሰው አይቆረጥም፤ ከኛ ግን ይቆረጣል” አሏትና አብረው ሰፉ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሴትዮዋን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ሴትዮዋ ጥሩ አድርጋ ጮኸችባቸው፤ በሁለቱም ላይ።

ያለፈው ቅዳሜ ነገር ግን ሌላ ነው። የእናቷ ልብ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ደግሞ ከመኝታ ቤት እስከ ስፌት ቤት ለመምጣት ሁለቴ ቆመው ተነፈሱ። ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው እየተንጫጩ ሲመጡ ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆመች።

“ዛሬ ትምህርት የለም! እማማ አሟቸዋል። ሂዱ፣ ወደየቤታችሁ!”

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ተቆጥቶ ወጣ። በሩንም ካሰበችው በላይ በኃይል ዘጋችው። እናቷን ያነቃቸው ጫጫታው ሳይሆን ዝምታው ነበር።

“ልጆቹስ?”

“ሸኘኋቸው።”

“ሸኘኋቸው?” እማማ መርፌ ግድግዳ ይዘው ተነሡ። “ዮናስን ዓሣው ውጦት ነው እኮ ያቆምኩት! ልጆቼን በዓሣ ሆድ ውስጥ ትተሽ በር ትዘጊያለሽ?”

ልጅቷ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ሳቀች። “እማዬ ሙች፣ የጨርቅ ዓሣ እኮ ነው!” አለች።

እናቷ ፊታቸው ደም ለበሰ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ በዚያው በልጅነቷ በምታውቀው ድምፅ፣ “አጥፍተሻል” አሏት። “ቤቱ የኔ ነው፣ ልጆቹም የኔ ናቸው። አልጠየቅሽኝም። ብለሽ ብለሽ ደግሞ ሳቅሽብኝ። የቀረውን ቅዳሜ እነግርሻለሁ።”

እሷም ሥራ በዝቶባታል፣ “እሺ እንግዲህ” ብላ ወጣች። በማግስቱ እንኳ ይቅርታ ልትጠይቅ አልሞከረችም፤ ቅዳሜ ተብሎ የለ? ቅዳሜ ሳይደርስ እማማ መርፌ የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የአንድ እጅጌ ስፌት መሃል ላይ ልባቸው ቆመ።

“እንዴት ዋላችሁ? እግዚአብሔር ያጽናችሁ።”

ዳቦ ጋጋሪው ነው። ቀብር ላይም ነበር፤ ዛሬ ግን ሴት ልጁን በእጁ ይዟል። ሱሪው ጉልበት ላይ ያለውን ዱቄት ያራገፈ መስሎት አሠራጭቶታል።

“ይቅርታ አድርጊልኝ” አለ ለፋርማሲስቷ ጎንበስ ብሎ። “ሕፃን ወደ ለቅሶ ቤት አታምጣ ይሉኛል፤ ግን ግራ ገባኝ። ከቀብሩ ወዲህ እህል አትቀምስም። እናቷ ብትጠይቃት፣ እኔ ብጠይቃት ዝም። ‘ለምን’ ማለት ራሱ ትታለች። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።”

የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ልጅቷን በክፍሉ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ወይዘሪት ለምን ነው የምትባለው። ኖኅ ቁንጫን ለምን መርከቡ ውስጥ እንዳስገባ ጠይቃ ትምህርቱን ያስቆመች እሷ ናት። “ይህቺ ልጅ መንግሥተ ሰማያት ስትደርስ በሩን አላስዘጋ ትላቸዋለች” ይሉ ነበር እማማ መርፌ፣ እየሳቁ። አሁን ጫማዋን ጫማዋን ታያለች።

ፋርማሲስቷ እንባዋን ጠረገችና ልጅቷን ይዛ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገባች። መስታወትና አንድ ዱካ ብቻ ያለባት ጠባብ ቦታ ናት። ከመስታወቱ ጎን በሚስማር ላይ አንድ ትልቅ ግራጫ የጨርቅ ዓሣ ተንጠልጥሏል። አፉ ዚፕ ነው።

ወይዘሪት ለምን ዓሣውን ስታየው ወደ ኋላ ሸሸች።

“ዮናስ እዚያው ነው?” አለች በሹክሹክታ።

“የት?”

“ውስጡ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ዚፑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እማማ ናቸው ዝጊ ያሉኝ።”

ፋርማሲስቷ ዓሣውን በእጇ ዳሰስ አደረገችው። ሆዱ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለ። “አዎ፣ እዚያው ነው መሰለኝ” አለች።

“ጥቅሱን አላጠናሁም ነበር” አለች ልጅቷ። “ለቅዳሜ አጥኑ የተባልነውን። ጠዋት ላይ ጸለይኩ።”

“ታዲያ መጸለይ ምን ክፋት አለው?”

“እማማ መርፌ ይታመሙ ብዬ ነዋ የጸለይኩት! ትንሽ ብቻ! ጉንፋን ቢጤ! ከዚያ ስንመጣ አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ አሟቸዋል አልሽን። እኔ ደስ አለኝ። እስከ ቤት እየዘለልኩ ሄድኩ። ከዚያ ሞቱ። ማዕበሉ የመጣው በአንድ ሰው ምክንያት ነው ብለው አስተምረውናል። መርከቡ ላይ ያሉት ሁሉ ሊሞቱ ነበር፣ በአንድ ሰው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።”

ፋርማሲስቷ ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና የልጅቷን ሁለት እጆች ያዘች።

“በይ ስሚኝ። እኔ ሥራዬ ምንድን ነው?”

“መድኃኒት መሸጥ።”

“ስለዚህ አውቃለሁ ማለት ነው። እማማን ልባቸውን ማመም የጀመራቸው አንቺ ሳትወለጂ ነው። በየጠዋቱ ክኒናቸውን በውኃ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ‘ይህ ልብ እስካሁን መሥራቱም ተአምር ነው’ ብሎኛል፣ እኔው ራሴ ፊቱ ተቀምጬ። ያረጀ ልብ ነበር። ያረጀ ልብ ደግሞ አንድ ቀን ያርፋል። ጸሎትሽ አይደለም ያቆመው። መዝለልሽም አይደለም። እግዚአብሔር ጥቅስ ላላጠናች ልጅ ብሎ ሰው አይገድልም። ደግሞ በብሽቀትም አይደለም፣ በአንድ ቀን ብሽቀት እንዲህ ያለ ነገር…”

ስለ ብሽቀት ማን ጠየቃት?

“ማን በሸቀ?” አለች ወይዘሪት ለምን።

“እማማ። እኔ ላይ።”

“ለምን?”

“እናንተን ስላባረርኩ። ደግሞ ስለሳቅሁ።”

“ይቅር አሉሽ?”

“ቅዳሜ እነግርሻለሁ ብላኝ ነበር።”

ልጅቷ ዓሣውን አየች፣ ፋርማሲስቷን አየች። “እንዴ! አንቺም ዓሣው ውስጥ ነሽ ማለት ነው?”

መጋረጃው ስስ ነበር። ሁለቱም ልብ ያላሉት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ለቀስተኛ በሙሉ ስኒውን እንዳንጠለጠለ ጸጥ ማለቱን ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው የገቡት የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ናቸው፤ ቀን ቀን ቴምብር ይሸጣሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለእማማ መርፌ ልጆች መዝሙር ያስተምራሉ። የቡና ትሪውን እንደያዙ ነው የገቡት።

“አንቺ! ይህን ሁሉ ቀን የምታለቅሺው በዚህ ነው እንዴ?” አሉ። “እኔ ደግሞ ለእናትሽ መስሎኝ!”

“እርስዎም ሰምተዋል?”

“ማን ያልሰማ አለ ብለሽ!” ትሪውን ለአክስት አቀበሉ፤ አክስትም መጋረጃው ሥር ደርሰው ነበር። “በይ አሁን አዳምጪኝ። ስንት ዓመት አብሬያት አስተማርኩ፤ እናትሽ የሁለተኛውን ቅዳሜ ሳትቆርጥ የመጀመሪያውን አስተምራ አታውቅም። አንዴ፣ ከሥራ ደክሞኝ መጥቼ፣ ‘የዛሬውን ብቻ እንቁረጥ፤ የሳምንቱን ሳምንት እንደርስበታለን’ ብላት መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ‘ይቅርታው ሳይሰናዳማ ጥፋት አላስተምርም’ አለችኝ። ‘መሃል ላይ ብሞትስ?’”

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው “ወይ አምላኬ!” አለ።

“አላመንሽኝም? ነይ።” የፖስታ ቤቷ ሴትዮ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳቡት። ክርና ቁልፍ ከተጠራቀመበት ሥር አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጡ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ቢጫ የባሕር ዳርቻ፣ የከተማ ግንብ፣ የተንበረከኩ ሰዎች፣ አመድ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ። ሁሉም ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ አልቋል። “ይኸው ነነዌ። ይኸው ምሕረቱ። ባለፈው ሳምንት ሳይሆን ከዚያም በፊት በነበረው ሳምንት ነው የተሰናዳው። አንቺንም ‘የቀረውን ቅዳሜ’ ካለችሽ፣ የቀረውን አሰናድታ ነው የተናገረችሽ። እናትሽን አታውቂያትም እንዴ?”

ታውቃቸዋለች። ያን የልጅነቷን ማለዳ አሰበችው። የአሻንጉሊቷ ቀሚስ ሲነጋ ተቆርጣ አልቃ ነበር። ታዲያ መቼ ተቆረጠች? እሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስታለቅስ፣ ከግድግዳው ባሻገር ይሰማት የነበረው መቀስ የሚቆርጠው ይቅርታዋን ነበር። እናቷ “አጥፍተሻል” ብለው ፊታቸውን እንዳዞሩ መቀሱን አንሥተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለች ሴት በስተርጅና ጠባይዋን አትለውጥም።

“እፎይ” አለች ፋርማሲስቷ። ለማንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ከደረቷ ወጣ። ሳል የመሰለ ሳቅ ተከተለው። ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ተላቀቀ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት፤ እንዲያውም ክፉኛ ራባት።

“ዮናስስ?” አለች ወይዘሪት ለምን፣ ቀሚሷን ጎትታ። “ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ። ሌሎቹስ ልጆች? እነሱም አልወጡም።”

ፋርማሲስቷ ዳቦ ጋጋሪውን አየችው። “ልጆቹን ትጠራልኛለህ? ሁሉንም።”

ሰውዬው ለመልስ አልቆመም። ብዙም አልቆየም፤ ልጆቹ ከመንገዱም ከየቤቱም ግር ብለው መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ተገትረው ቀሩ። ባለፈው ያባረረቻቸው ሴትዮ እዚያው በር ላይ ቆማለች።

“ግቡ” አለቻቸው። “ባለፈው ስለጮኽኩባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግቡ።”

ገቡ። ለቀስተኞቹ ወንበር እየሳቡ ቦታ ለቀቁላቸው። ብርድ ልብሱን ጠበቃው ራሱ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ወጥቶ ወጠረው።

“ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ትምህርት ቤት?” አለች አንዷ ሴት ለጎረቤቷ።

“ሁለቱም ነው፤ ዝም ብለሽ ተማሪ” አሉ አክስት።

ፋርማሲስቷ እንደ እናቷ መተረክ አትችልም። መድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ነው የጀመረችው። ስፒሉ ጣቷን ወጋት። ንጉሡን ዘቅዝቃ ሰካችው፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ አረሟት። ዮናስ በጨለማው ውስጥ ሆኖ እንደጸለየ ነገረቻቸው። “ከዚያ ውስጥ ይሰማል?” አለች ወይዘሪት ለምን። “ይሰማል” አለች። “ከየትም ይሰማል።” ከዚያ ዓሣውን ከሚስማሩ አውርዳ ለልጅቷ ሰጠቻት። “አንቺ ነሽ የዘጋሽው፤ አንቺው ክፈቺው።”

ዚፑ ግማሽ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ልጅቷ ሳበችው፤ አልሄደም። ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ ላይ አንድ እርምጃ ተራመደ።

“ሳሙና ቀቢው!” አሉ አክስት፣ ጉልበታቸው ሁሉ ድምፃቸው ውስጥ ገብቶ። አንዱ ሳሙና ፍለጋ ሮጠ። ተቀባ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ አንዴ መነጨቀችው፤ ዓሣው አፉን ከፈተና ዮናስ ተስፈንጥሮ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ጭን ላይ ወደቀ።

ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ፣ ዘለሉ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ እንኳ አላላቸውም። ከለቀስተኞቹም ያጨበጨበ ነበር፤ አንዱ ባለ ሱሪ ቡናውን ራሱ ላይ ደፋ። ወይዘሪት ለምን ግን አልዘለለችም። ዮናስን አንሥታ ቢጫው ዳርቻ ላይ ሰካችው፣ እንዳይጣመም አስተካከለችው፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ “ዳቦ አምጥተሃል?” አለችው። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፋርማሲስቷ የከተማውን ይቅር መባል ተርካ ስትጨርስ ተንበርክካ የወዳደቁትን ስፒሎች መልቀም ጀመረች። እናቷ ከትምህርቱ በኋላ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ ልጅ እንዳይወጋ። ድንገት እጇ ቆመ። ከእንግዲህ ይህን የሚያደርግላት እናት የለም። እንባዋ መጣ። ይኼኛው ምንም ፍርሃት አልነበረበትም፤ ስለ እናቷ ብቻ፣ ስለናፈቋት ብቻ የመጣ ነው፤ አልያዘችውም።

ወይዘሪት ለምን ዳቦዋን እያላመጠች መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ጎተተችና ጉንጯን ጠረገችላት። እጅጌው ሲርስባት ዳቦውን በአፏ ይዛ ሌላኛውን ጎተተች።